አራት ዲግሪ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የገበሬዎች ማኅበር የጭነት መኪና ከላቦራቶሪው ቀዝቃዛ ክፍል ደጃፍ ቆመ። የመጣው ለባቄላ ዘር የሚሆን አራት ሺህ እሽግ ህያው ማዳበሪያ ሊጭን ነው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ መቀርቀሪያውን አንስቶ ወፍራሙን በር ሳበው። ወዲያው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ከጫኞቹ አንዱ ላይ ተደገፈ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተሩ ከካርቶኖቹ ሥር ተቀምጧል። ነጭ ጋውኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ደርቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ። ላየው የሚተክዝ ሰው ነው የሚመስለው። እንደ እንጨት ደርቋል።

ኢንስፔክተሩ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ባልደረቦቹ ከኋላው «ቀስ በል» ይሉታል፤ ሌባ ሲያባርር እንኳ ሮጦ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። ሌቦቹ ደክሟቸው ሲቀመጡ ይደርስባቸዋል እየተባለ ይቀለድበታል። እሱም ቀልዱን ያውቃል፤ ግን ለመልሱም አይቸኩልም።

በሩን ከውስጥ አየው። መክፈቻ እጀታው ከሥሩ ተሰብሯል። ከውጭ የተዘጋበት ሰው ቢጮህ ቢደበድብ፣ ግድግዳው አንድ ክንድ ውፍረት አለው፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ደግሞ አናት ላይ ያጓራል። የዶክተሩ ስልክ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተገኝቷል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሰው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የት ገባ ብሎ የሚፈልገው አልነበረም።

የአሻራ ባለሙያዎቹ ብርዱን መቋቋም ሲያቅታቸው በሩን በድንጋይ ደግፈው ከፈቱትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ከውጭ ቆሟል። ከመሀከል አንዲት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯን በጨርቅ ያሰረች ሴት ብቻ አላለቀሰችም።

«በሩን ዝጉት!» አለች። «ይሞቃሉ!»

«ምኖቹ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሽጎቹ ውስጥ ያሉት። ነፍስ አላቸው እኮ።»

የኢንስፔክተሩ ረዳት ሳጅኗ ዞር ብላ ገላመጠቻት። «እህቴ፣ እዚህ ነፍስ የጠፋው የሰው ነው።»

ሴትየዋ አንገቷን ደፋች። በሩ እስከ ማግሥቱ ማታ ድረስ እንደተከፈተ ቆየ።

የኢንስፔክተሩ ስልክ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ነበረች፤ ከከተማው ውጭ ባቄላ የምትዘራ ገበሬ ናት።

«አንተ ልጅ፣ መኪናው ባዶውን ተመለሰ የሚሉት እውነት ነው? ዝናቡ እኮ ጀመረ።»

«እትዬ፣ ሰው ሞቷል።»

«ነፍሱን ይማረው። ግን እሽጉን መቼ ትለቁታላችሁ?»

* * *

የግቢው ዘበኛ ሽማግሌ ነው፤ የገባውን የወጣውን ሁሉ ስለሚጽፍ «አባ መዝገብ» ይሉታል። መዝገቡን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ።

«ዶክተሩን ዓርብ ሲወጡ አላየሁም፤» አለ። «አልደነቀኝም። አንዳንዴ ቢሮ ያድራሉ።»

«ጠላት ነበረው አባባ?»

«ለሰው ከመንገር እግዜር ያውቃል ማለት ይቀላል።» ከዚያ ግን አላስቻለውም። «ሐሙስ ዕለት የማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ፣ ‹እንደ ባቄላ ነው የምቀብርህ!› አላቸው። መዝግቤዋለሁ።»

ምክትሉ ቀጭን፣ ክራባቱን የማይፈታ ሰው ነው። ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥርሱን ሊታከም መውጣቱን ሳይጠየቅ ተናገረ። ሊቀመንበሩን እንዲያስሩትም መከረ።

«የውስጡ እጀታ ከተሰበረ ስንት ጊዜው ነው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ሁለት ወር። ራሳቸው ዶክተሩ ናቸው ‹ይቆይ› ብለው የፈረሙበት። ሲገቡ በሩን በፕላስቲክ ሳጥን ይደግፉታል።»

«ታዲያ ሳጥኑ የት ሄደ?»

ምክትሉ መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። ሳጥኑ ከበሩ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ተገልብጦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው ደወለ። «ብርድ ነው የገደለው። ልቡም ደካማ ነበር። ግን ልብ በል፤ ዓርብ ማታ አይደለም የሞተው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።»

«ሌሊቱን ሙሉ በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

«ሌሊቱንም፣ ጠዋቱንም።»

* * *

ሊቀመንበሩ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ገበሬ ነው። ጣቢያ ሲያስገቡት አልፈራም፤ ተናደደ እንጂ።

«ብያለሁ! እንደ ባቄላ እቀብርሃለሁ ብያለሁ። ታዲያ ሰው በቁጣው ያለውን ሁሉ ቢያደርግ አገር ይተርፍ ነበር?»

«ምን አድርጎህ ነው?»

«አምና ያንኑ ጥቁር ዱቄት ሰጠን። ‹ዘራችሁን በሱ ለውሱ፣ ከአየር ምግብ ስበው ለሥሩ የሚያበሉ ፍጥረታት አሉበት፣ ኬሚካሉን ተዉት› አለን። ተውን። አንድ ወንድማችን፣ እዚያ ዘመድ አለኝ ብሎ፣ ቤት ለቤት እየዞረ አርባ አባወራ አሳመነ። በሁለተኛው ወር ባቄላው እንደ ወባ በሽተኛ ገረጣ። አርባ ቤት ባዶ አውድማ ታቀፈ።» ድምፁ ወረደ። «ያን ሰው ሰላምታ ነፈግነው። በመንገድ ሲመጣ እኛ በሌላ እንሄዳለን። መጨረሻ በራሱ ላይ ጨከነ። እሱን የገደልነው እኛም ነን፤ ይሄንን ከፈለግህ ጻፈው።»

«ዓርብና ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ዓርብ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ። ቅዳሜ ስብሰባ፤ ሠላሳ ሰው አየኝ። ደግሞስ ዘንድሮ በጎውን እሰጣችኋለሁ ብሎ ምሎልኛል። ላሟን አርዶ ወተት የሚጠብቅ ሞኝ አየህ?»

ኢንስፔክተሩ ሠላሳውን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀ። ሁሉም አንድ ቃል ነበሩ።

* * *

ረቡዕ ዕለት ያችን ያላለቀሰች ሴት ፍለጋ ችግኝ ወደሚበቅልበት የመስታወት ቤት ገባ። የላቦራቶሪው ሠራተኞች «ሞግዚቷ» ይሏታል፤ ረቂቆቹን ተህዋስያን በስኳርና በሾርባ የምታሳድገው እሷ ስለሆነች ነው። በሦስት መስመር የተደረደሩ ሠላሳ ስድስት ጣሳዎች መሀል ቆማለች። ሁሉም ውስጥ ባቄላ በቅሏል።

«ለእኔ ለማላውቀው አስረጂኝ፤» አላት።

«ይሄ ምንም ያልተደረገለት ነው። ይሄኛው በሞተ እሽግ የተለወሰ። ያኛው በህያው።»

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ቀጫጮች፣ ቢጫዎች። ሦስተኛው መስመር ቅጠሉ ለምልሞ ጠቁሯል። ከሱ አንዱን ነቅላ ሥሩን ውሃ ውስጥ አራገፈችው። ሥሩ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህሉ ጉጦች ተንጠልጥለዋል። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ቀይ ነው፤ እንደ ደም።

«ቀይ ከሆነ እየሠሩ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እንግዶቹ ተቀምጠው ይበላሉ እንጂ አያበሉም። ጉጥ ከናካቴው ከሌለ ደግሞ ዘሩ የተለወሰው በሬሳ ነው።»

«እሽጉን አይቶ መለየት አይቻልም?»

«ሁለቱም ጥቁር ዱቄት ናቸው። በአራት ዲግሪ ከተቀመጡ ስድስት ወር ይኖራሉ። ሁለት ቀን ከሞቃቸው ማለቅ ይጀምራሉ፤ ፀሐይ ካገኛቸው በግማሽ ቀን ያልቃሉ። መልካቸው አይለወጥም፣ ሽታቸው አይለወጥም። ሳህን ላይ ዘርቶ፣ ሦስት ቀን ጠብቆ፣ የበቀለውን መቁጠር ነው።»

ከጥግ ካለ ሣጥን አፈር ዘግና መዳፉ ላይ አደረገችለት። ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት አፈር። አንዲት ቀጭን ትል በጣቶቹ መሀል ተጥመለመለች።

«አምስት ዓመት በዚህ የታከመ ማሳ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት እንደ ጡብ ነበር፤ ትል የሚባል አይታይበትም። እኛ ከላይ እንመላለሳለን እንጂ ሕዝቡ ያለው ከታች ነው።»

ትሏን ላለመግደል ተጠንቅቆ አፈሩን መለሰላት። ግድግዳው ላይ የውሃ ማጠጫ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አየው፤ ብዙም ልብ ሳይል ወጣ።

* * *

የጥርስ ሐኪሙ ዓርብ ዕለት ክራባት ያሰረ በሽተኛ አላየም። አባ መዝገብ ደግሞ የምክትሉን መኪና «ከቀኑ 10፡40 ወጣች» ብሎ ጽፏታል።

ምክትሉ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ወረቀቶች ፊቱ ሲቀመጡ መጀመሪያ ጥርሱን ዳሰሰ፤ ከዚያ አለቀሰ።

«ልወጣ ስል በሩ ተከፍቶ አየሁ። ማን ከፍቶ ሄደ ብዬ ተናደድኩ። ሳጥኑን በእግሬ ገፋሁት፣ በሩን ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውን ጣልኩት። አልጠራሁም፣ አላየሁም። ሰኞ ስከፍተው ነው የገባኝ። እግዚአብሔርን ኢንስፔክተር፣ ማን አለ ብሎ ለመጠየቅ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።»

ሳጅኗ በደስታ ማስታወሻዋን ዘጋች። «አለቀ። ቸልተኝነት።»

ኢንስፔክተሩ ግን ቀዝቃዛው ክፍል ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው መሣሪያ ሄደ። መሣሪያው ክብ ወረቀት ላይ የክፍሉን ሙቀት ቀን ከሌት በቀጭን ብዕር የሚጽፍ ነው። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበው። መስመሩ አራት ላይ ረግቶ ይሄዳል። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ጉብታ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይወርዳል፤ ዶክተሩ የገባበትና ምክትሉ የዘጋበት ነው። ከዚያ ዓርብ ሌሊት ቀጥ ያለ መስመር።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግን ጣቱ ቆመ። ትንሽ ጥርስ አለች። ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ።

«ሳጅን፣ ይቺ ምንድን ናት?»

ጠጋ ብላ አየች። ደስታው ከፊቷ ላይ ተገፈፈ። «በሩ ተከፍቷል። ደቂቃ እንኳ አልሞላም።»

«ቅዳሜ አራት ሰዓት ሰውዬው በሕይወት ነበር።»

«እና ተመልሶ ተዘግቷል።»

አባ መዝገብን ጠሩት። የቅዳሜውን ገጽ ገለጠ። ባዶ ነው።

«ማንም አልመጣም ልጄ። ይኸው፣ ነጭ ወረቀት።»

«ማንም?»

«ዝንብ አልገባችም።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። የመስታወቱ ቤት ሰሌዳ ታየው፤ በየቀኑ ምልክት ተደርጎበታል፣ ቅዳሜም ጭምር። «አባባ፣ ችግኞቹን ቅዳሜ ማን ነው ውሃ የሚያጠጣው?»

«ሞግዚቷ ናታ።»

«ታዲያ መጥታለች!»

ሽማግሌው ግራ ገባው። «እሷማ ሁልጊዜ ትመጣለች። እሷን ሰው ብዬ እጽፋለሁ እንዴ?»

* * *

ኢንስፔክተሩ ከሳጅኗ ጋር መስታወቱ ቤት ሲገባ ሞግዚቷ የውሃ ማጠጫውን ይዛ ነበር። ፊቱን አይታ አስቀመጠችው።

«በእኔ ላይ እስኪደርሱ ቀናት ፈጀብዎት፤» አለች።

«ቀስ እላለሁ። ቅዳሜ ምን አየሽ?»

«ከውጭ ያለው ብዕር ቀለሙ ቢደርቅ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የውስጡን ሙቀት ከቴርሞሜትር አነባለሁ። ከፈትኩ። ተቀምጦ ነበር። በሕይወት ነበር ኢንስፔክተር። ከንፈሩ ጠቁሯል። መጀመሪያ አላወቀኝም፤ ኋላ አወቀኝ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ዝጊው፣ ይሞቃሉ› አለኝ።»

ዝናቡ የመስታወቱን ጣሪያ ይደበድባል።

«ብርድ የገባበት ሰው ይቀባዥራል፤» አላት።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«አምና መብራት አራት ቀን ጠፍቶ ሁሉም አለቁ። ሳህኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዜሮ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ዜሮ። ነገርኩት። ‹ዘንድሮ ሞተዋል ካልን ገበሬው ዳግመኛ አያምነንም፤ አፈሩ ውስጥ የቀሩ ካሉ ያግዛሉ፣ ዝም በይ› አለኝ። ማኅተሙን መታበት። ክፉ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ የሰጠበት ነገር እንዳይሞትበት ነው። እኔም ዝም አልኩ።» እጇን በጉርዷ ጠረገች። «አርባ ቤት አሳመነ የተባለውን ሰው ነግረውዎታል?»

‹እዚያ ዘመድ አለኝ› የሚለው የሊቀመንበሩ ቃል በኢንስፔክተሩ ጆሮ ውስጥ ደወለ። «ወንድምሽ ነበር?»

«ታናሼ። ‹እውነት ይሠራል?› ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እሽጎቹ ሊጫኑ ሲሉ። ‹ይሠራል› አልኩት። አንድ ቃል ብቻ ነው የጠየቀኝ።»

ኢንስፔክተሩ የሚቀመጥበት ፈልጎ አጣ። ቆሞ ቀረ።

«በሩን እንደያዝኩ እሱ ነው የታየኝ። ከዚያ ዶክተሩ ዝጊው አለኝ፤ ዘጋሁት። ችግኞቹን አጠጥቼ ስጨርስ እከፍታለሁ ብዬ ነበር። ሠላሳ ስድስቱንም አጠጣሁ። ስጨርስ እግሬ ወደ ግቢው በር ወሰደኝ። አባባ ‹ደህና ዋይ ልጄ› አለኝ።»

«ልትገድዪው ፈልገሽ ነው?»

«እሱን ነው የማላውቀው። እሑድን ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ። ካወቁት እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች፤ ኢንስፔክተሩ በዓይኑ ከለከላት። ሦስቱም ጎን ለጎን በዝናቡ ውስጥ እስከ መኪናው ሄዱ። ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን አነሳ፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን ጠፋበት።

* * *

ዐቃቤ ሕጉ የምርመራ መዝገቡን አንብቦ አመሰገነው። ቀጥሎ አራት ሺሁ እሽግ በሙሉ በማስረጃነት እንዲያዝ አዘዘ።

«የአምናው የሞተ ነበር ካልን የዘንድሮውም መመርመር አለበት።»

«ማን ነው የሚመረምረው? ቆጣሪዋን አስረናታል፣ ምክትሉን አስረነዋል፣ ኃላፊው ሞቷል። ከሌላ ቦታ ባለሙያ እስኪመጣ የመዝሪያው ጊዜ ያልፋል። አርባ ቤት አይደለም፤ ዘንድሮ ሦስት መቶ ቤት ነው የሚጠብቀው።»

«እህትህም ከሚጠብቁት አንዷ ናት አይደል?»

ኢንስፔክተሩ ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያች ቃል በኋላ የሚናገረው ሁሉ ለእህቱ ጥቅም የሚናገረው ይሆናል።

በየቀኑ በግቢው በር ገበሬዎች ይሰበሰባሉ። በየቀኑ ወጥቶ «ገና ነው» ይላቸዋል። ሊቀመንበሩ አይሳደብም፤ ያ ነው የከበደው። «እሺ» ይላል፤ «ነገ እንመጣለን።» ኬሚካሉን እንዳይገዙ ወቅቱ አልፏል፤ ሳይለውሱ እንዳይዘሩ የአምናው ያስፈራቸዋል።

በሃያ አንደኛው ቀን የሚመረምር አልተገኘምና እሽጉ ይለቀቅ የሚል ደብዳቤ መጣ። ኢንስፔክተሩ ደብዳቤውን ይዞ በቀጥታ ማረፊያ ቤት ሄደ።

ሞግዚቷ ከሲታ ሆናለች። «በሩ ስንት ሰዓት ተከፍቶ ቆየ?» ስትል ጠየቀችው።

«ከሰኞ ሦስት ሰዓት እስከ ማክሰኞ ማታ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ከግድግዳው ሥር ያሉት ምናልባት። በር በሩ ያሉት እንጃ። እኔ ብሆን አልፈርምበትም፤ አልጥለውምም። ሦስት ቀን ቢሰጡኝና ሳህኖቼን ባገኝ…»

«ጠይቄ ነበር። አይቻልም አሉኝ።»

«እንግዲያው አርባ ቀን ጠብቀው ሥሩን ነቅለው ይዩት።»

«ያኔ ምን ሊደረግ?»

«ምንም፤» አለች።

* * *

እህቱ ከማሳዋ ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ላስቲክ ዘርግታ ዘሩን አፍስሳለች። በስኳር ውሃ አርሳ ጥቁሩን ዱቄት ነሰነሰችበት። ፍሬዎቹ አንድ በአንድ እስኪጠቁሩ በእጇ ለወሰችው። ኢንስፔክተሩ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ አጠገቧ ቆሟል። የዕለት ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣው።

«አንተ መርማሪ አይደለህም? ንገረኛ፤ ህያው ነው?»

«አላውቅም እትዬ።»

«የሚያውቅ የለም?»

«አንዲት ነበረች።»

ዘሩን ወደ እንቅቡ ገለበጠችው። ሰማዩን አየች፤ ደመናው ሳስቷል፤ ዝናቡ ሊያልቅ ነው። ከጎረቤት ማሳ ሊቀመንበሩ ሞፈሩን ደግፎ ወደ እሷ ይመለከታል፤ እሷ ከዘራች ሊዘራ። ከሱ ወዲያ ሌላው እሱን ያያል።

«እንቅብ ውስጥ መቼም አይበቅልም፤» አለችና ወደ ትልሙ ገባች። ሁለት ሁለት ፍሬ እየጣለች አሥር እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ቀና ሳትል ተጣራች።

«ዝም ብለህ አትቁም እንጂ፤ አፈር መልስበት።»

ጎንበስ ብሎ በባዶ እጁ መለሰበት።